ቡናው ይለቀምና

ለማርታ አባት፣ ለታደለዬ፤

ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናህ እንደምን አለህ» ይባላል፤ ትምህርት ቤት ያስተማሩን እንደዚያ ነው። ያንተን ጤና መጠየቅ የሚጠቅመው ግን በጊዜው ነበርና አሁን ብጠይቅህ ለራሴም ያሳፍረኛል። ስለዚህ እሱን ልዝለለው። ከተለያየን ቡናው ሁለት ጊዜ አበበ። በወር መቁጠር ትቻለሁ። አንተም ብትሆን ዕድሜህን ሙሉ በወር ቆጥረህ አታውቅም፤ ቡናው ሲያብብ፣ ቡናው ሲቀላ፣ ቡናው ሲለቀም፣ በቃ፣ ያንተ ካላንደር ይኸው ነበር።

እኔ ደህና ነኝ። እንዲያውም ደስ ብሎኛል። ይህን ቢሰማ ይከፋው ይሆን ብዬ ብዙ ካሰብኩ በኋላ፣ ይክፋውም ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ደስታዬ ግን ከሥሩ እሬት አለበት፤ ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ። ወሬዬ ረጅም እንደሆነ ታውቃለህ፤ አሁን ደግሞ «አስቴር፣ አጠር አድርጊው» የሚለኝ የለም።

በመጀመሪያ የቤቱን። የጓሮው ትልቁ አቮካዶ በክረምቱ ነፋስ ወድቆ የዶሮዎቹን ቤት ደፈጠጠው፤ ደግነቱ ዶሮዎቹ ውጭ ነበሩ። ያ የሚያፈሰው የሳሎን ጣሪያ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ የምትደቅንበት፣ ተሠርቷል። ሠራተኛው ወጣ፣ ሁለት ቆርቆሮ ቀየረ፣ ወረደና ሻይ ጠጣ። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። ማርታ ዳዴ ስትል ጀምሮ ባልዲ የደቀንንበት ነገር በግማሽ ቀን አለቀ! ከታች ቆሜ ሳየው ዕንባዬ መጣ፤ ሰውየው በሥራው የተደሰትኩ መስሎት መርቆኝ ሄደ። ማርታ ቴፒ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ይዛለች። ስትቆጣ ልክ እንዳንተ አንዱን ቅንድቧን ብቻ ታነሳለች፤ ያን ጊዜ ፊቴን አዞራለሁ። እናትህ ከእኔ ጋር ናቸው፤ የእሳቸውን ነገር ወደ መጨረሻው አመጣዋለሁ። ወንድምህ ምትኩ ያው ምትኩ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

እዚህ እኛ አገር፣ ከሚዛን እስከ ሸኮ፣ ከሸኮ እስከ ቴፒ፣ የፈለግከው ቤት ብትገባ አንድ ቃል አታጣም፤ «ቡናው ይለቀምና»። ሠርጉስ? ቡናው ይለቀምና። የልጁ ጫማስ? ቡናው ይለቀምና። የተጣሉት ወንድማማቾች የሚታረቁት፣ የአጥሩ በር የሚጠገነው፣ ጉንጭ ያሳበጠ ጥርስ እንኳ የሚነቀለው ቡናው ሲለቀም ነው። ማጂ የተዳረችው አክስቴ አንድ ጊዜ ልትጠይቀን መጥታ፣ «እናንተ ሰዎች እኮ መልአከ ሞት ቢመጣ ቡናው ይለቀምና ተመለስ ትሉታላችሁ» ብላ ሳቀችብን። አንተ ከሁላችንም በላይ ሳቅክ። ቁርሱን እስክትተፋ ድረስ ሳቅክ።

ዝም ብሎ የመጣ ቃል አይደለም፤ እሱን እኔም ቡና ሥር ያደግኩት አላጣሁትም። ቡና ከቀላ ቀን አይሰጥም። እሸቱን በጊዜው ካልለቀሙት ዛፉ ላይ እንዳለ ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ጀንፈል ይሆናል። ቀይ እሸት ለማጠቢያ ጣቢያው ማስረከብና ጀንፈል በጆንያ ይዞ ገበያ መቆም አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ንገረኝ እስቲ፣ ተለቅሞ ያለቀበት ዓመት ነበረን? ከለቀማው በኋላ ማስጣቱ፣ መገልበጡ፣ መሸጡ አለ። ከዚያ የቅርንጫፉ ግረዛ። ከዚያ አረሙ። አረሙ ሳያልቅ ያብባል፣ አበባው ሳይረሳ ይቀላል። ያ «ይለቀምና» ያልከው፣ ከቡናው በኋላ ይመጣል ያልከው ወር፣ እኔና አንተ በኖርንበት ቤት አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም።

ቀዩን ሞተርህን ያመጣህ ዕለት ምን እንዳልኩህ ታስታውሳለህ? ገና ከመውረድህ «እኔንም አስተምረኝ» አልኩህ። ማርታን አዝያለሁ፣ ሻሼ ላይ የዝናብ ጠብታ አለ፣ ከት ብለህ ስቀህ «ቡናው ይለቀምና አስተምርሻለሁ» አልክ። በዓመቱም ጠየቅሁህ። በሌላው ዓመትም። በኋላ መጠየቄ ራሱ የቤታችን ቀልድ ሆነ፤ እንግዳ ሲመጣ «የኔ ሚስት ሾፌር ልትሆን ነው፣ ቡና እየጠበቀች ነው» ትል ነበር። እኔ ከኋላህ ተቀምጬ፣ የጃኬትህን ጠርዝ ይዤ፣ በጀርባህ በኩል ነው ዓለምን ያየኋት።

መዋሸት አልፈልግም፣ ያም ቢሆን ደስ ይል ነበር። ወደ ሚዛን ስንሄድ ቁልቁለቱ ላይ ስትደርስ ነዳጅ ልቆጥብ ብለህ ሞተሩን ታጠፋዋለህ። ድምፁ ጥፍት ይላል፤ የወፍ ጫጫታ፣ የቅጠሉ ሽታ፣ የንፋሱ ፉጨት ብቻ ይቀራል። አንተ መዝሙር ትጀምራለህ፣ ዜማውን ታበላሸዋለህ፣ እኔ ከኋላ አርምሃለሁ። እንደዚያ ቁልቁል ስንንሸራተት፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል፣ እጅህን ወደ ኋላ ዘርግተህ መኖሬን ታረጋግጥ ነበር። ድንገት ትወድቃለች ብለህ ፈርተህ ነው። ያን እጅህን እስከ ዛሬ ጉልበቴ ላይ አገኘዋለሁ።

ነሐሴ ላይ ጎንህን መያዝ ጀመርክ። ስትቀመጥ ትይዘዋለህ፣ ስትነሳ ትይዘዋለህ፤ ዝንጅብል አፍልቼ አጠጣሁህ፣ ጠላኸው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሆድህን ተጭና ስታይ ፊቷ ተለወጠ። «ነገ ዛሬ ሳትሉ ሚዛን ሂዱ፣ ከዚያም ወደ ጅማ ከላኳችሁ ሂዱ» አለች። አንተ ሸሚዝህን እየቆለፍክ «እሺ እህቴ፣ ቡናው ይለቀምና» አልክ። እሷም የዚሁ አገር ልጅ ናትና ራሷን ነቀነቀች እንጂ አልገረማትም። እኔ በመንገድ ለመንኩህ፣ ቤት ገብቼ ተቆጣሁህ፣ ማርታ በስልክ አለቀሰችብህ። መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ። አንተ ሱሪህን በገመድ እያጠበቅክ ለቃሚዎቹ ራስ ላይ ቆምክ።

የመጨረሻው እሸት ተመዝኖ በሄደ ማግስት ጠዋት፣ የቡና ማስጫው አልጋ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠህ አገኘሁህ። «አስቴር፣ አሁን እንሂድ» አልክ። ቃልህን ጠበቅክ፣ ያን ማንም አይወስድብህም። ቡናው ተለቀመ፤ ልትሄድ ወሰንክ። ግን መነሳት አልቻልክም።

ሞተሩ በር ላይ ቆሟል። ነዳጁ ሙሉ ነው። ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ቁልፉን አወረድኩ፣ ሰካሁት፣ አዞርኩት፣ ፊት ለፊቱ አንዲት አረንጓዴ መብራት በራች። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ አላውቅም። ምትኩ ቴፒ ነበር። በጭቃው ሮጬ አስፋልቱ ጋ ወጣሁና የመጣውን መኪና ሁሉ በነጠላዬ ለመንኩ። የጫነ አይሱዙ እያለፈ ውኃ ረጨኝ። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ስትደርስ ነው አንድ ሚኒባስ የቆመልኝ።

ጅማ ስንደርስ ሐኪሙ «ምነው በክረምቱ ብትመጡ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው በማያስቀይም ድምፅ። እኔ ስለዚያች ግማሽ ቀን ጠየቅሁት፤ ሞተር መንዳት ባውቅ ኖሮ ብዬ። «እናቴ፣ የጎዳቸው ግማሽ ቀን አይደለም፣ ወራቱ ነው» አለኝ። ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው። ወራቱን ማን እንደበላቸው ስለማውቅ አልተጽናናሁም።

ቤትህ ተመልሰህ ያረፍክ ዕለት ቡናው አብቦ ነበር። ኮረብታው ሁሉ ነጭ። ለቅሶ የደረሰው ሰው በቡናው መሃል እየቆረጠ ስለመጣ፣ ሁሉም አበባ አበባ እየሸተተ ገባ፤ ድንኳኑ የሙሽራ ቤት መሰለ። ሰዎች ተራ በተራ ቆመው መሰከሩልህ፤ «ጎበዝ ሠራተኛ ነበር፣ አንዲት ፍሬ መሬት ላይ አይጥልም ነበር» አሉ። እውነት ነው፣ ታደለ። አንዲት ፍሬ አልጣልክም። እኔን ግን ጣልከኝ።

ይኸው፣ አልኩት። ሁለት ዓመት ጉሮሮዬ ላይ ነበር።

አሁን ወደ ደስታዬ። አዲስ ዓመት በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ጥቁሬን ሳላወልቅ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደ ልማዳችን ሁሉም የዓመቱን ዕቅድ ቆሞ ይናገር ተባለ። አንዷ ትዕግሥትን እማራለሁ አለች፣ አንዱ ምላሴን እገዛለሁ አለ፣ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ጾም ጸሎት አበዛለሁ አሉ፤ በየዓመቱ የሚሉት እሱን ነው። የኔ ተራ ሲደርስ ከአፌ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? «ሞተር ሳይክል መንዳት እማራለሁ»። ከኋላ ወንበር አንዱ በሳቅ ፍርፍር አለና ቤቱ ሁሉ ተከተለው። አገልጋያችን ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «አሜን በሉ እንጂ» አሉ፤ አሜን ተባለልኝ።

ከዚያስ? ቡናው ቀላ። ምን እንዳልኩ ልንገርህ? «ለቀማው ይለፍና» አልኩ። በቃልህ አላልኩትም እንጂ ነገሩ ያው ነበር። ለፋሲካ ማርታ መጣች። መሥሪያ ቤቷ ሰው አምጥቶ ስለ ራስ ማሻሻል፣ ስለ ግል ዕድገት ዕቅድ አሠልጥኗቸው ኖሮ፣ ሥልጠናውን በሙሉ እኔ ላይ ደገመችው። «እማዬ፣ ያ ዕቅድሽ የት ደረሰ?» አለችኝ። ሰበቤን ደረደርኩላት። ቅንድቧን አነሳች። «ዕቅድ እኮ እንደ ሠርግ ነው፣ ቀን ይቆረጥለታል። ቀን ካልተቆረጠለት ሙሽራውም አይመጣም» አለች። ቀን! በኛ ቤት ቀን የሚቆረጥለት ለቡና ብቻ ነበር። እዚያው ቁጭ ብለን ሦስት ነገር ቆረጥን። መንጃ ፈቃዴን ከመስቀል በፊት እይዛለሁ። እናትህን ራሴ ነድቼ ለዓይናቸው ሕክምና እወስዳለሁ። የራሴን ጤና ደግሞ በየዓመቱ ሰኔ ላይ፣ ቡናው ገና አረንጓዴ ሳለ፣ እታያለሁ።

የሰኔውን ፈጸምኩት። ያችው ነርስ «ምን ሆነው ነው?» አለችኝ። «ምንም አልሆንኩም፣ ለዚህ ነው የመጣሁት» አልኳት። ብዕሯን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ። ምን እንዳሰበች አውቃለሁ፤ እኔም ያሰብኩት እሱኑ ነበር።

ሞተሩን ያስተማሩኝ ሚዛን ያሉ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ናቸው፤ ድሮ የቡና ጭነት መኪና ይነዱ የነበሩ፣ ጡረታ የወጡ፣ ድምፃቸው ብቻ ጡረታ ያልወጣ ሰውዬ። ከተማሪዎቹ ሁሉ በዕድሜ የምበልጠው እኔ ነኝ፣ ሴትም እኔ ብቻ ነኝ። ክላቹን ስለቅ ይዘላል፣ ጋዙን ስሰጥ ይጮኻል፤ አንድ ቀን ቦይ ውስጥ ይዞኝ ገባና ጉልበቴ ተላጠ። ጋሽ ደምሴ ከሜዳው ማዶ ሆነው «ወይዘሮ አስቴር! ሞተሩ ባልሽ አይደለም፣ አትለማመጪው፣ እዘዢው!» ብለው ጮኹ። ባል እንደሞተብኝ የሚያውቁት ተማሪዎች ደነገጡ። አንዱ ሄዶ በጆሯቸው ነገራቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ሊሮጡ ምንም አልቀራቸውም። እኔ ግን ቦዩ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ሳቅ ያዘኝ፤ ካንተ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። እውነታቸውን እኮ ነው! ዕድሜዬን ሙሉ ስለማመጥ ነው የኖርኩት።

ገበያ ላይ ምን እንደተባለ ልተውልህ። ደግሞ ለምን እተወዋለሁ፣ ልንገርህ፤ «ባሏን አፈር አልብሳ ሞተር ላይ ወጣች» አሉ። ምትኩ ደግሞ ሞተሩ ለወንድሜ ማስታወሻ ነው፣ እኔ ልውሰደው፣ ሴት የነዳችው ሞተር ዋጋው ይወርዳል አለ። ማስታወሻ ዋጋው ይወርዳል እንዴ ብዬ ጠየቅሁት።

ፈተናው ከመስቀል በፊት ነው ተብሎ ነበር። ፈታኞቹ ሌላ ቦታ ሄዱና ተላለፈ፤ ጥቅምት ገባ። አንድ ጠዋት ስልክ ተደወለልኝና ከነገ ወዲያ ነው፣ ሁለት ቀን ይፈጃል ተባልኩ። ከነገ ወዲያ! ስልኩን ይዤ ወደ ላይኛው ማሳ ቀና ብል ቀልቷል። አንተ «ደም የመሰለ» የምትለው አቀላል፣ ቅርንጫፉ መሬት እስኪነካ። ለቃሚዎቹ በዚያው ቀን እንዲመጡ ተነጋግሬ ጨርሻለሁ።

ምትኩ ወሬውን ሰምቶ ሁለት ሽማግሌ ይዞ ከተፍ አለ። «አንቺ ራሳቸው ላይ ካልቆምሽ ለቃሚው አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር ይሸመጥጠዋል፤ ማጠቢያ ጣቢያው ይመልሰዋል፤ የወንድሜን ልፋት መሬት ልትጥይ ነው?» አለ። አንተ ቁምልኝ ብለው፣ ለአንዲት ቀን እንኳ አልቆምልሽም አለኝ፤ የሞተሩን ነገር የማይረሳ ሰው ነዋ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ደግ ሰው ናቸው፣ ክፋት የለባቸውም፣ እጄን ይዘው «ልጄ፣ ፈተናው የትም አይሄድም። ቡናው ይለቀምና በሚቀጥለው ትሄጃለሽ» አሉ።

ታደለ፣ ልክ ነበሩ እኮ። ፈተናው የትም አይሄድም። አንተም ሐኪም ቤቱ የትም አይሄድም ብለህ ነበር፤ እውነትህን ነው፣ ሐኪም ቤቱ ዛሬም እዚያው አለ። «እሺ» ልል አፌን ከፈትኩ። እሺ ከንፈሬ ላይ ነበር። እናትህ ግድግዳውን ተደግፈው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ዓይናቸው ያን ጊዜ ጭጋግ ሞልቶት ማን እንደገባ በድምፅ ነው የሚለዩት። ለማንም ሳይሆን፣ «ታደለም እንዲህ ነበር የሚለው» አሉ።

ምትኩ ጫማውን አየ። ሽማግሌው እጄን ለቀቁ። እኔ «ቡናው ይጠብቅ» አልኩ፤ ድምፄ ሲወጣ የሌላ ሰው መሰለኝ። ሁለተኛው ሽማግሌ በሩ ላይ ዞር ብለው «ቡና ጠብቆ ያውቃል?» አሉ። አላውቅም ነበር። ጠይቀን አናውቅማ።

ሄድኩ። የጽሑፉን ፈተና በመጀመሪያው ቀን ጨረስኩ፤ ድሮም ትምህርት አይከብደኝም ነበር። በሁለተኛው ቀን ዝናብ። በጭቃው ላይ ስምንት ቁጥር እየሠራሁ በድንጋዮቹ መሃል ዞርኩ፤ ምላሴን ነክሼ፣ ያንተን ቀይ ሞተር ይዤ። ዳገቱ ላይ አቁመሽ አስነሺ ተባልኩ። አንዴ ጠፋብኝ። ጋሽ ደምሴ ከአጥሩ ውጭ ጃንጥላ ይዘው ቆመው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ይጸልዩ ይሆን ይሳደቡ አልለየሁም። እንደገና ረገጥኩ፤ ተነሳ፤ ወጣሁ። ፈታኙ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «አልፈሻል፣ ቀጣይ!» አለ። ቀጣይ አለ! የሃያ ዓመት ነገሬን በአንድ ቃል ዘጋውና ቀጣይ አለ። ዝናቡ ላይ ቆሜ እልል አልኩ። ብቻዬን። ቀጣዩ ተፈታኝ ደንግጦ ሞተሩ ጠፋበት።

ስመለስ እንደፈራሁት ነው። ለቃሚዎቹ የሚቆምላቸው ሲያጡ ጎረቤት ማሳ ገብተዋል፤ እዚያ እስኪጨርሱ ሳምንት አልፎ ሌላውም ተጋመሰ። የታችኛውን ከእትዬ ብርቄ ጋር ደረስንበት። የላይኛው ማሳ ግን ግማሹ ቅርንጫፉ ላይ እንዳለ ጠቆረ። በመጨረሻ ቅርጫቴን ይዤ ወጣሁና አንዱን ዛፍ ጎንበስ አድርጌ ያዝኩት። ፍሬው ደርቋል፣ ቆዳው ተጨማድዷል፣ ግን አልወደቀም። ነካሁት፣ መዳፌ ላይ መጣ። ነቀነቅሁት፣ ውስጡ ኳ ኳ አለ። ቡና ነው። ጀንፈል ነው እንጂ ቡና ነው።

እዚያው ዛፉ ሥር ተቀመጥኩ። ዕድሜህን ሙሉ የሮጥክለት፣ ጎንህን ይዘህ የቆምክለት፣ ያ ትልቁ ጥፋት ይኸው ነበር፤ ቀዩ ጠቆረ። ዋጋው ዝቅ አለ፣ ምትኩ አንገቱን ነቀነቀ፣ ዓመቱ ትንሽ ጠበበን። በቃ። ሌላ ምንም አልሆነም። ቡናው ጠበቀኝ፣ ታደለ። ያልጠበቅከኝ አንተ ነህ።

ያን ቀን አለቀስኩብህ። ስትሞት ካለቀስኩት በላይ፤ የመጀመሪያው ለቅሶ የሐዘን ነበር፣ ይኸኛው የንዴት ነው።

ለቀማው ገና አልቆ ሳያበቃ የዓይን ሐኪሞች ሚዛን መጡ ተባለ። እናትህን አንተ ስንት ጊዜ ቃል እንደገባህላቸው ታውቃለህ። እንደ ሙሽራ አለበስኳቸው፣ ከኋላዬ አስቀመጥኳቸው፣ እንዳይወድቁ በነጠላ ከወገቤ ጋር አሰርኳቸው። ቀስ እያልኩ፣ ጭቃውን እየመረጥኩ ወጣሁ። በምትኩ በር ስናልፍ ጥሩምባውን ነፋሁ። አላስፈላጊ ነበር፤ መንገዱ ላይ ዶሮ እንኳ አልነበረም። ቁልቁለቱ ላይ ስደርስ ግን እንዳንተ ሞተሩን አላጠፋሁትም፤ ጋሽ ደምሴ ይህን የሠራሽ ቀን አላውቅሽም ብለውኛል። እናትህ ጀርባዬ ላይ ተለጥፈው መዝሙር ያንጎራጉሩ ነበር። ዜማ ማበላሸቱን ከእሳቸው እንደወረስክ ያን ጊዜ ገባኝ።

በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡ፣ ጨፍነው ገለጡ። ምን ይሉ ይሆን ብዬ ጠጋ አልኩ። ትክ ብለው አዩኝና «አርጅተሻል» አሉ። ነርሶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ፣ አርጅቻለሁ። ቤት ስንገባ ግን በቀጥታ ሄደው ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶህ ፊት ቆሙ። ብዙ ቆሙ። በጣታቸው ጉንጭህን ነኩና «እሱ ግን አላረጀም» አሉ። ያን ጊዜ የሳቀ የለም።

ይኸው ነው እሬቱ። የማደግ ዕቅዴን አንድ በአንድ ስፈጽም ደስ ይለኛል፤ እያንዳንዱ በተፈጸመ ቁጥር ደግሞ ቀላል እንደነበረ አያለሁ። ጣሪያው ግማሽ ቀን። የእናትህ ዓይን ሁለት ቀን። ሐኪም ቤት መሄድ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ነሐሴ ላይ፣ ስንት ቀን ይፈጅ ነበር? ይህን ማሰብ ባልተውም ተውኩ ልልህ ነበር። አልተውኩም። ምትኩ እስከ ዛሬ አኩርፎኛል፤ ያኩርፍ፣ ቡናው ሲለቀም ይታረቀኛል።

ለዘንድሮ ማርታ አዲስ ዕቅድ አውጪ ብላኛለች፤ ሸኮ ላይ ሴቶችን ሞተር ላስተምር አስቤአለሁ፣ እትዬ ብርቄ የመጀመሪያዋ ናቸው፣ ጾም ጸሎቱን በሞተር ተክተውታል። «ታደለን ይቅር ማለትንም ጨምሪበት» አለችኝ ልጅህ። ጨምሬዋለሁ። ቀን ግን አልቆረጥኩለትም። ሁሉም ቀን አለው፣ እሱ ብቻ የለውም፤ ታገሰኝ። መታገስ እኔን አስተምረኸኛል፣ አሁን ያንተ ተራ ነው።

መቃብርህ ዙሪያ ያለው ቡና ሰሞኑን ፈንድቷል። ነገ ጠዋት በቀዩ ሞተር እመጣለሁ፣ እናትህን ከኋላዬ አስሬ፤ ካረፍክ ወዲህ መቃብርህን በዓይናቸው የሚያዩት ገና ነገ ነው። በየዓመቱም እንዲሁ አበባው ሲፈነዳ እንመጣለን። አኩርፌም ቢሆን እመጣለሁ። መንገድ ላይ ቁልቁለቱን ስጀምር፣ ሰው ካላየኝ፣ እጄን ወደ ጉልበቴ አወርዳለሁ፤ ያን እጅህን ልፈልግ። አስታውስሃለሁ፣ ታደለዬ። ቡናው ሳይለቀም።

የማርታ እናት፣
አስቴር